ቦይለሩ ሳይበርድ አትጥሩን

በአዳማና በአካባቢዋ ቦይለር ላላችሁ ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ኃላፊዎች፤ የሥራ ቦታ ደኅንነትን ለምትቆጣጠሩም

ጤና ይስጥልኝ።

እናንተና እኔ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ሌሊት ነው። ስልኬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከጮኸ ወይ ዘመድ ሞቷል፣ ወይ የአንዳችሁ ቦይለር አፍስሷል። «ጋሼ፣ ውኃ እያንጠባጠበ ነው፤ መኪና ልከናል፣ ቶሎ ይድረሱልን» ትላላችሁ። ቦይለሩ ጠፍቷል ወይ ብዬ ስጠይቅ «አሁን አጠፋነው» ትላላችሁ። ይህን ደብዳቤ በቀን፣ ቡናዬን ጠጥቼ የምጽፈው ስለዚያች «አሁን» ነው።

የቦይለር ጠጋኝ ነኝ፤ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጣችሁን ትልቅ የብረት ጋን ነው የምጠግነው። ሙያውን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዕድሜውን የፈጀ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ እሱም የተማረው በ1946 ዓ.ም. ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ከሆላንዶቹ ጋር ከሠሩ ሰዎች ነው። አለቃዬ የሚያፈስስ ቦይለር ጋ ሲደርስ መፍቻ አያነሳም። መጀመሪያ መሰላሉን ይወጣል። መዳፉን ሰው ወደ ቦይለሩ በሚገባበት ቀዳዳ፣ በማንሆሉ፣ ክዳን ላይ ያሳርፍና በልቡ እስከ 10 ይቆጥራል። እጁን ቀድሞ ካነሳ ይወርድና «ቡና አፍሉ» ይላል። ሥራ የለም ማለት ነው። ያኔ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ፋብሪካ በተለመደው ሰዓት ጠራኝ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ስደርስ የቦይለሩ የፊት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቡሎንና ዳዶው መሬት ላይ ተበትኗል። ናፍጣውን የሚያነደው የበርነሩ ማራገቢያ በሙሉ ኃይሉ ይነፋል። «ቶሎ እንዲበርድልዎ ብለን ነው» አለኝ የፈረቃው ኃላፊ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው። ከሥር የማፍሰሻው ቫልቭ ተከፍቶ ትኩሱ ውኃ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ ሰው ከሰው አይተያይም። ጆሮዬን ስሰጥ ቦይለሩ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል። ለእናንተ ይህ ድምፅ ምንም አይደለም። እኔ ስሰማው ሆዴ ይላወሳል።

በባትሪ ስቆጥር የሚያፈስሱት ቱቦዎች 3 ነበሩ። በማግስቱ ሦስቱንም አጥብቀን፣ ውኃ ሞልተን ግፊት ስንሰጠው ከሌላ ቦታ 8 ቱቦዎች ማልቀስ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ መጣና «እርስዎ ሲነካኩት ነው የባሰበት» አለኝ። ከክፍያዬም ቆረጠ። ደብዳቤው የክፍያ ደብዳቤ አይደለም፤ ቢከፈለኝ ግን አልጠላም።

እነዚያን 8 ቱቦዎች ያስፈሰሳቸው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አብዛኞቻችሁ ያላችሁ ቦይለር እሳቱና ጭሱ በቱቦ ውስጥ፣ ውኃው በቱቦው ዙሪያ የሚሆንበት ዓይነት ነው። ትልቅ በርሜል አስቡ። በሁለቱ ጫፍ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ወፍራም ብረት አለው፤ ቲዩብ ሺት እንለዋለን። ቱቦዎቹ ከአንዱ ወንፊት ወደ ሌላው ተዘርግተዋል። ብዙዎቹ ጫፋቸው የተበየደ አይደለም። ኤክስፓንደር በሚባል መሣሪያ ከውስጥ ተለጥጠው፣ ቀዳዳቸው ላይ ተጣብቀው ነው የቆሙት። ውኃውን የሚያግደው ያ ጥብቀት ብቻ ነው። ላስቲክ የለው፣ ጓርኒሲዮን የለው።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። 4 ሜትር የሆነ ቱቦ ሙቀቱ በ150 ዲግሪ ሲወርድ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ሁሉም አብሮ ቢያጥር ጣጣ የለውም። ግን ቱቦው ስስ ነው፤ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በርሜሉ ወፍራም ነው፤ ያውም በሙቀት መከላከያ ተጠቅልሎ፣ በላሜራ ተሸፍኖ። እናንተ ውኃውን አውጥታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ነፋስ ስትለቁበት ቱቦው ወዲያው ይበርዳል፤ በርሜሉ ገና እንደጋለ ነው። ቱቦው ሊሰበሰብ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ወንፊቶች ደግሞ ወጥረው ይዘውታል። ከሁለት አንዱ ጫፍ ይንሸራተታል። ጢቅ የሚለው እሱ ነው። አንዳንዱ ተንሸራቶም ውኃ ይይዛል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የምትደውሉልኝ ግን በሱ ነው።

ትኩስ ውኃ መድፋት ሌላም መዘዝ አለው። ከታች የተኛው ጭቃ ውኃ ውስጥ እያለ ለስላሳ ነው፤ በብሎውዳውን፣ ማለትም ከሥር ያለው ቫልቭ ለአፍታ ተከፍቶ ውኃ ሲለቀቅ፣ እየተጠረገ ይወጣል። ብረቱ ሳይበርድ ውኃው ከሸሸው ግን ምጣድ ላይ እንደተረሳ ሊጥ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ በውኃ አይታጠብም፤ በማርቴሎና በመሮ ነው።

የሰውን ነገርም አንርሳ። በ10 ባር ግፊት የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ያለው ውኃ 184 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ክዳን የሌለው ድስት እዚህ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቦይለሩ ውኃ በ184 ዲግሪ ውኃ ሆኖ የቆየው ግፊቱ አፍኖ ስለያዘው ነው። ግፊቱ ድንገት ካመለጠ ከውኃው የተወሰነው እዚያው እንፋሎት ይሆናል። 1 ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። የቦይለር ቤታችሁ በአብዛኛው ያን ያህል ቦታ የለውም፤ የጎደለ ወንበርና የጥበቃ አልጋ ሳይቀር እዚያ ነው የሚቀመጠው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ወጣት እያለሁ አለቃዬ በሌለበት አንድ ትኩስ ቦይለር ውስጥ ገብቻለሁ። እርጥብ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ እየወጣሁ እየገባሁ ሠራሁ። ሰው ጀግና አለኝ። በሦስተኛው ዙር ረዳቴን አስገባሁት። ትንሽ ቆይቶ መዶሻው ዝም አለ። ስጠራው አይመልስም። በእግሩ ጎትተን አወጣነው። ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሄዶ ነበር። ነፍሱ ተመለሰች፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ የመዶሻ ዝምታ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማፍሰሱ እንደታየ እሳቱን አጥፉ። በሮቹን ዝጉና ተዉት። የጭስ ማውጫው መዝጊያ ካለው ዝጉት። የውኃውን ልክ በመስታወቱ እያያችሁ ጠብቁ። ግፊቱ በራሱ ይውረድ። ዜሮ ሲደርስ ከላይ ያለውን አየር ማስወጫ ክፈቱ፤ አለዚያ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ሲመለስ ቦይለሩ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ውኃው እጅ የማያቃጥል ሲሆን ያኔ ይውጣ። ለመካከለኛ ቦይለር ይህ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ይወስዳል፤ ለትልቁ ከዚያም ይበልጣል። እናንተ የምትቆጥቡት ይህንን ነው። ስታጡት የማያችሁ ደግሞ ሌላ ሳምንት ነው።

ጭንቀታችሁ አይገባኝም ማለቴ አይደለም። ጨርቁ ማቅለሚያው ውስጥ ነው። ሳሙናው በጋኑ ውስጥ እየረጋ ነው። ሆቴሉ የሠርግ እንግዳ ተቀብሎ አንሶላ የሚታጠብበት የለም። ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቅልበት አጥቷል፤ እሱስ የባሰ ነው። ሁላችሁም ከላያችሁ አለቃ አለ። ግን ቀጠሮ ለማክበር ሲባል የተጣደፈ የቦይለር ጥገና ምን እንዳመጣ ዓለም የሚያውቀው ታሪክ አለ፤ ልጄ ነው ያነበበልኝ።

ሱልታና የምትባል የአሜሪካ የወንዝ መርከብ ነበረች። በ1865 እ.ኤ.አ.፣ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ባለቀ ሰሞን፣ ከእስር የተፈቱ ወታደሮችን በሚሲሲፒ ወንዝ ወደ አገራቸው ልትወስድ ቪክስበርግ ደረሰች። ከ4 ቦይለሮቿ አንዱ ያፈስስ ነበር። ጠጋኙ መጥቶ አየና የተጎዳው ብረት ተቆርጦ በደንብ ይሠራ አለ። ያ ቀናት ይፈልጋል። ካፒቴኑ ግን በሰው ቁጥር ነው የሚከፈለው፤ ከቆየ ወታደሮቹን ሌላ መርከብ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ከቦይለሩ ብረት የሳሳ ልጥፍ ተለጥፎበት ሄደች። የተፈቀደላት 376 ሰው ነበር፤ የጫነችው ከ2,000 በላይ ነው። ኤፕሪል 27 ሌሊት ሜምፊስን እንዳለፈች ቦይለሮቿ ፈነዱ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ልጥፉ ነው፣ ጭነቱ ነው፣ የውኃው ማነስ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ግን ልጄ ሲያነብልኝ ልቤ የቀረው ያ ጠጋኝ ላይ ነው። ደህና አድርጎ መናገሩን ተናግሯል። ከዚያ የታዘዘውን ለጠፈ። ስንት ጊዜ እሱን ሆኛለሁ!

ስለ ልጥፍ ከተነሳ አይቀር፣ በየቦይለር ቤቱ የማየውን ልናገር።

አንደኛው ብየዳ ነው። የቱቦ ጫፍ ሲያፈስስ የግቢው በያጅ ይጠራና ዙሪያውን ኤሌክትሮድ ይቀባበታል። ስንጥቁ ውስጥ ውኃ አለ። ብየዳው ሲነካው ይንፈቀፈቅና አረፋ አረፋ ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱ ደግሞ ጎረቤት ቱቦዎችን ያላላቸዋል። አንዱን ዘግቶ ሁለት ይከፍታል። እየተደጋገመ ሲሄድ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለችው ቀጭን የብረት ድልድይ ትሰነጠቃለች። እሷ ከተሰነጠቀች ጨዋታው ሌላ ነው፤ ስለ ቱቦ ሳይሆን ስለ ወንፊቱ ስለ ራሱ እናወራለን። መበየድ የለበትም አላልኩም። የሚበየድ ቦታ አለ። ግን ደርቆ፣ ተጠርጎ፣ ለዚያ ሥራ በተፈተነ በያጅ፣ በደረቀ ኤሌክትሮድ ይሁን። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም። ካርቶኑ ተቀዶ መስኮት ሥር ሲያድር አይቻለሁ፤ በርበሬ እንኳ እንደዚያ አይቀመጥም።

ሌላው የውኃ ቧንቧ ነው። የቦይለር ቱቦ ጠፋ ተብሎ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ተቆርጦ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። የቦይለር ቱቦ ለሙቀትና ለግፊት የተሠራ፣ የምን ብረት እንደሆነ የሚገልጽ የፋብሪካ ምስክር ወረቀት ያለው ነገር ነው። ሻጩን ወረቀቱን አምጣ በሉት። ወረቀት የለም ካለ ቱቦ የለም ማለት ነው። የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ለዚህ ነው 10 እና 15 ቱቦ ቀደም ብላችሁ አስመጥታችሁ መጋዘን አስቀምጡ የምለው። በርነር ላይ የሚወጣው የአንድ ቀን ናፍጣ ከዚያ አይተናነስም።

ታፖ የምንለው የብረት ውታፍም አለ። ቱቦው መሃሉ ላይ ከተበሳ ኤክስፓንደር አያድነውም፤ ይቀየራል፣ ወይም ለጊዜው ሁለቱ ጫፉ በታፖ ይደፈናል። ለጊዜው ያልኩትን አስምሩበት። የተበሳ ቱቦ በታፖ ሲዘጋ ውስጡ በቦይለሩ ውኃ ይሞላል። የቦይለሩ ግፊት በሙሉ ታፖውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁለቱ ታፖዎች በቱቦው ውስጥ በሚያልፍ ዘንግ እርስ በርስ መታሰር አለባቸው። በመዶሻ ተመትቶ ብቻ የገባ ታፖ በር ሲከፈት ጥይት ነው። ደግሞ ሁሉም ቱቦ አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ወፍራሞች ናቸው፤ የተበየዱት ሁለቱን ወንፊቶች እንደ ምሰሶ እንዲይዙ ነው። እነሱን በተራ ቱቦ መተካት ወይም ደፍኖ መርሳት ቤት ላይ ምሰሶ እንደመንቀል ነው።

በደንብ የሚሠራ ጥገና ምን እንደሚመስል ካላያችሁ አንድ ቀን ኑና አጠገቤ ቁሙ። የቱቦው ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። ነጭ የጨው መስመር ያለበት እሱ ነው የሚያነባው። ኤክስፓንደሩ ዘይት ተቀብቶ ይገባል። መጀመሪያ ሲዞር ልቅ ነው፤ እጅ ምንም አይሰማውም። ትንሽ ቆይቶ ይይዛል። ከዚያ በአንዴ ይከብዳል፤ ቱቦው የቀዳዳውን ግድግዳ ነካ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እጅግ ትንሽ ነው። የኔ ረዳቶች መጀመሪያ የሚያጠፉት እዚህ ጋ ነው፤ ጎበዝ ለመምሰል ይጨምራሉ። ከልክ ያለፈ ቱቦ ይሳሳል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ተመልሶ አይጠብም። አንዱን ካጠበቁ በኋላ ጎረቤቶቹን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ይቀያየማሉ፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይላላል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላል፣ በፓምፕ ግፊት ይሰጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ። ከዚያ በባትሪ እያንዳንዱ ጫፍ ይታያል። ጠብ ካለ እንደገና። ይህ ሁሉ የፈተና ውኃ ነው፤ ቢያመልጥ ሰው ያርሳል እንጂ አይገድልም።

አሁን ወደ ውኃው። ቱቦ ሲያፈስስ ሁላችሁም ብረቱን ትረግማላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ የምጠረጥረው ውኃውን ነው።

ቤታችሁ ያለውን ማንቆርቆሪያ ገልብጣችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ቦይለራችሁም ይዟል፤ የሱ ግን በቀን ስንት ሺህ ሊትር ነው የሚያፈላው። ቅርፊቱ ብረቱን ከውኃው ይለየዋል። እሳቱ ያሞቀው ብረት ሙቀቱን የሚሰጠው ያጣል። ናፍጣው ይጨምራል፣ ብረቱ ይግላል፣ የቱቦው ጫፍ ይላላል። በተለይ እሳቱ ከዋናው ማንደጃ ወጥቶ ወደ ቱቦዎቹ የሚታጠፍበት የኋላ ወንፊት ዋናው ተጠቂ ነው።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። የጉድጓድ ውኃችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚወጣው። የወንጂንና የአካባቢውን ሰው ጥርስ ያየ ያውቀዋል፤ ያ ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ለቱቦ ጉዳዩ አይደለም። ከዚያው ድንጋይ የሚወጣው ሲሊካ ግን ጉዳዩ ነው። ውኃ ማለስለሻው፣ ሶፍትነራችሁ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየምን ይይዛል፤ ሲሊካን አይዝም። ሲሊካ የሠራው ቅርፊት እንደ መስታወት ነው፤ ተራ አሲድ አይነካውም። የራሳችሁ ጉድጓድ ካላችሁ «ሶፍትነር አለን» ብላችሁ አትተኙ። ውኃውን ላቦራቶሪ አስወስዱ፤ ብሎውዳውኑን በዚያ ልክ አስተካክሉ።

ሶፍትነሩም ቢሆን ጨው ካልበላ ጋን ነው። ጨው አለቀ፣ ግዢ ዘገየ፣ ፈረቃው አለፈ፤ ውኃው እንደመጣ ገባ። መመርመሪያዋ ትንሽ ጠርሙስ ናት። ናሙናው ላይ ጠብታ ትጨምራላችሁ፤ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ወደ ቀይ ከሄደ ጨው ፈልጉ። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የጥበቃ ሠራተኛም ያደርገዋል።

ሌላ ቀይ ነገር አለ። ቱቦ አውጥተን ስናየው ከውኃው በኩል እንደ ብጉር ያበጠ ዝገት ይኖራል። በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው ይፈርሳል፤ ሥሩ ጥቁር ዱቄት፣ ከዱቄቱ ሥር ደግሞ ጉድጓድ። ኦክስጅን የበላው ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን ተሸክሞ ይገባል። የመጋቢው ጋን ከሞቀ አብዛኛው እዚያው ይወጣል፤ የተረፈውን ሰልፋይት የሚባለው ኬሚካል ይይዘዋል። አንዳንድ ቦታ ግን ጋኑ ላይ ያለው ማሞቂያ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል። ከፋብሪካው የሚመለሰው ትኩስ ውኃም ተሰብስቦ ወደ ጋኑ መምጣት ሲገባው ቦይ ውስጥ ይፈስሳል። የተጣራ፣ የሞቀ፣ የተከፈለበት ውኃ! እሱን ሳይ ከቱቦው በላይ ያናድደኛል።

መብራት ሲሄድ የሚሆነውንም ታውቃላችሁ። በርነሩ ይቆማል፣ ፓምፑ ይቆማል። መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ወደ ሙሉ እሳት። ብረቱ በቀን ስንት ጊዜ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ቢያንስ ሲመለስ በትንሽ እሳት ጀምሩት።

የምለምናችሁ ትልቁ ነገር ግን ርካሽ ነው፤ አንድ ደብተር።

አንድ ቦይለር ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ በዕድሜ የገፉ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ከብዙ ትምህርት አልመጡም። የተማሪ ደብተር ገዝተው የወንፊቱን ሥዕል ሥለውበታል። ለእያንዳንዱ ቱቦ የለስላሳ ቆርኪ አስቀምጠው በእስክሪብቶ ዙሪያውን አዙረዋል፤ ደብተሩ ስለጠበበ ሁለት ገጽ ያያዙት በማስቲሽ ነው። ቱቦ ባፈሰሰ ቁጥር ክቡ ውስጥ ቀን ይጽፋሉ። ሲጠብቅ አንድ መስመር፣ ሲቀየር ሁለት መስመር። ሥራ አስኪያጆቹ ሲቀያየሩ፣ እኔም ሌላ ጠጋኝም ስንመላለስ፣ ደብተሩ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ሲያሳዩኝ ወዲያው አየሁት። ያፈሰሱት ቱቦዎች ተበታትነው አይደለም፤ በቀኝ በኩል አንድ ቦታ ተኮልኩለዋል። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ እዚያ ሠርቼ ልብ ያላልኩት ነገር ነው። ቦይለሩ ሲበርድ በማንሆሉ ገብተን ስናይ ውኃ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የውስጥ ቧንቧ ተበልቶ ወድቋል። ያ ቧንቧ ውኃውን እያሰራጨ ማስገባት ነበረበት። እሱ ሲወድቅ ቀዝቃዛው ውኃ በቀጥታ እነዚያ ቱቦዎች ላይ ይረጭ ነበር፤ በሞቀ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እንደማፍሰስ። ቧንቧው ተቀየረ። እኔ አንድ ደንበኛ አጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ለቱቦ ጠርተውኝ አያውቁም።

የደኅንነት ተቆጣጣሪዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ግቢ ስትገቡ የእሳት ማጥፊያውን ቀን ታያላችሁ፣ የራስ ቁር ትቆጥራላችሁ። መልካም ነው። ወደ ቦይለር ቤቱም ጎራ በሉ። የመጨረሻው የግፊት ፈተና መቼ ነበር በሉ። ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰውን ሴፍቲ ቫልቭ ማን፣ መቼ ፈተነው በሉ፤ በሽቦ የታሰረ ቫልቭ አይቼ ስለማውቅ ነው። ደብተሩን አምጡ በሉ። ደብተር ከሌለ ቱቦ ቆጥራችሁ የተደፈኑትን ጻፉ። ኦፕሬተሩን ደግሞ ለብቻው ይዛችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ ሌሊት ቦይለሩ ቢያፈስስ ማንንም ሳታስፈቅድ ማጥፋት ትችላለህ ወይ? ብዙዎቹ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ስልክ ይደውላሉ፣ የማይነሳ ስልክ ይጠብቃሉ፣ በዚያ መሃል እሳቱ ይነዳል። ይህን ሥልጣን በጽሑፍ ስጧቸው፤ ሥራ አስኪያጆችም የምትፈርሙት አንድ ገጽ ነው።

ወደ ቦይለር ውስጥ ሰው ሲገባ ደግሞ ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ ይቆለፍ፣ ቁልፉ በገባው ሰው ኪስ ይሁን። በተለይ ሁለት ቦይለር አንድ መስመር ላይ ላላችሁ፤ የጎረቤቱ እንፋሎት ዞሮ እንዳይመጣ። የሚያበራለት መብራት ባለ 24 ቮልት ይሁን። ማንሆሉ ጋ አንድ ሰው ቆሞ በየደቂቃው ያናግረው፤ መዶሻው ዝም ሲል የሚሰማ ሰው።

እኔ እንግዲህ ስልኬን አላጠፋም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደውሉ፣ አነሳለሁ። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ፣ እናንተም በሩን ሳትከፍቱ ትተኛላችሁ። ደብተር የሌላችሁ ካላችሁ ቦርሳዬ ውስጥ አምስት ስድስት ገዝቼ ይዣለሁ፤ ቆርኪውን ግን ከራሳችሁ ካፊቴሪያ ታመጣላችሁ። በማግስቱ ማታ መሰላሉን ውጡና መዳፋችሁን የማንሆሉ ክዳን ላይ አሳርፉ። እስከ 10 ቁጠሩ። ከቻላችሁ መኪናውን ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዳማው ቦይለር ጠጋኝ